ሠዓሊው የሚጠራው መቼ ነው?

አንድ አደባባይ ሊሠራ ነው እንበል። ዲዛይኑ ያልቃል፣ ኮንትራክተሩ ይገባል፣ አስፋልቱ ይነጠፋል፣ መብራቱ ይተከላል። ምረቃው ሦስት ሳምንት ሲቀረው አንድ ኃላፊ «መሀሉ ባዶ ሆነ፤ የሆነ ነገር ብናቆምበትስ?» ይላል። ለቀራፂው ስልክ የሚደወለው ያኔ ነው። ሰርገኛ መጣ፣ በርበሬ ቀንጥሱ!

በሦስት ሳምንት ደግሞ የነሐስ ሐውልት አይወጣም። ቀራፂው መጀመሪያ በጭቃ ይሠራዋል። ከጭቃው ላይ ሞልድ (የቅርጽ ማውጫ) ያነሳል። በሞልዱ የሰም ቅጂ ያወጣል። ሰሙን እሳት በሚችል ነገር ይለብጠዋል፤ ከዚያ ሰሙን አቅልጦ ያስወጣና በቦታው የቀለጠ ነሐስ ያፈስበታል። ትልቅ ሐውልት ከሆነ ይህ ሁሉ በየቁራጩ ነው የሚሠራው። በመጨረሻ ቁርጥራጩ ይበየዳል፣ ይሞረዳል፣ ቀለሙ እንዲወጣ በኬሚካል ይታከማል። የወራት ሥራ ነው። ጊዜ ከሌለ የሚቀረው ፋይበር ግላስ ወይም ሲሚንቶ አቁሞ ወርቃማ ቀለም መቀባት ነው። ጥቂት ክረምት ሲወርድበት ቀለሙ ይላጣል። ያን ጊዜ «የእኛ ቀራፂዎች እኮ አይችሉም» ይባላል። ጊዜ የነፈጋቸው ሰው ግን አይጠየቅም።

ስለ ከተማና ስለ ጥበብ ስናወራ ብዙ ጊዜ የምንከራከረው «የአገር ውስጥ ባለሙያ ይሳተፍ ወይስ አይሳተፍ» በሚለው ላይ ነው። ይሳተፍ የማይል ሰው የለም። ነገሩ የሚበላሸው ሰዓቱ ላይ ነው። እቅዱ ሲነደፍ ጠረጴዛው ላይ ያልነበረ ሠዓሊ በኋላ ቢመጣ ከማስጌጥ ያለፈ ነገር ማድረግ አይችልም።

መጀመሪያ ግን ስለምን እንደምናወራ እንግባባ። የአደባባይ ጥበብ ሲባል ሐውልት ብቻ የሚመስለው ብዙ ሰው ነው። የግድግዳ ሥዕል አለ። የእግረኛ መንገድ ንጣፍ፣ የድልድይ መከለያ ብረት፣ የአውቶቡስ ፌርማታ፣ ፏፏቴ፣ አግዳሚ ወንበር፣ የባቡር ጣቢያ መስታወት ሁሉ የጥበብ ሥራ ሊሆኑ ይችላሉ። አንድ ከተማ እነዚህን በዘፈቀደ ሳይሆን በደንብ የሚመራበት ሥርዓት ሲኖረው የአደባባይ ጥበብ ፕሮግራም አለው እንላለን። ፕሮግራሙ የሚመልሳቸው ጥያቄዎች ብዙ አይደሉም፦ ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ማን ይመርጣል? ሥራው ካለቀ በኋላ በላዩ ላይ ማን ምን መብት አለው? ሲያረጅስ ማን ያድሰዋል?

የማከፋፈያ ጣቢያው ታሪክ

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ሲያትል ናት። ብዙ አበሻ የሚኖርባት የአሜሪካ ከተማ ስለሆነች እዚያ ዘመድ ያላችሁ ታውቋት ይሆናል። ሲያትል እ.ኤ.አ. በ1973 አንድ ደንብ አወጣች። ከተማዋ ለግንባታ ከምታወጣው ገንዘብ 1 በመቶው ለጥበብ ይዋል የሚል ነው። ሐሳቡን እሷ አልፈጠረችውም፤ ፊላደልፊያ እ.ኤ.አ. በ1959 ተመሳሳይ ደንብ አውጥታ ነበር። የሲያትልን ታሪክ የሚለየው ከጥቂት ዓመት በኋላ የሆነው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1976 የከተማዋ የኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤት በሰሜን በኩል አንድ የኃይል ማከፋፈያ ጣቢያ ሊሠራ ነበር። ማከፋፈያ ጣቢያ ምን እንደሚመስል እናውቃለን፦ ትራንስፎርመር፣ ሽቦ፣ የብረት አጥር፣ «አደገኛ ነው» የሚል ምልክት። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ጥበብ ማሰብ ለብዙ ሰው ቀልድ ይመስላል። በዚህ ፕሮጀክት ግን አንድሪው ኪቲንግ፣ ሼሪ ማርኮቪትዝ እና በስተር ሲምፕሰን የተባሉ ሦስት አርቲስቶች ከአርክቴክቶቹ ጋር ገና ከንድፉ ጀምሮ ተቀመጡ። ጣቢያው ካለቀ በኋላ ፊት ለፊቱ የሚቆም ነገር አምጡ አልተባሉም። ጣቢያው ራሱ ምን ይምሰል በሚለው ላይ ድምፅ ነበራቸው።

ከዚያም አንድ የምወደው ነገር ሆነ። ሲያትል ባለችበት ግዛት በምሥራቁ ክፍል ኤሚልና ቬቫ ጌርኬ የሚባሉ አዛውንት ባልና ሚስት ነበሩ። ከተጣለ ዕቃ፣ ከአሮጌ ድስትና መጥበሻ ሳይቀር፣ በነፋስ የሚሽከረከሩ ነገሮች ይሠሩ ነበር። የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የገቡ ሰዎች አይደሉም። አርቲስቶቹ የእነዚህ ሰዎች ሥራ ጣቢያው ውስጥ እንዲገባ አደረጉ። ኤሌክትሪክ በሚያልፍበት ቦታ በነፋስ የሚዞር ነገር ማየት ሕፃንም የሚገባው ሐሳብ ነው። ይህን ዓይነት ግጥምጥም በጨረታ ሰነድ ላይ የሚጽፍ መሐንዲስ የለም። የሚመጣው ዓይኑ ለዚህ የሠለጠነ ሰው ቀድሞ ሲገኝ ነው።

የዚያው ዓመት ሌላ ሥራ ደግሞ የበለጠ ቀላል ነው። ሲያትል መሀል ከተማ በእግር ስትሄዱ ከእግራችሁ ሥር የምታገኟቸው አንዳንድ የማንሆል ክዳኖች ላይ የከተማዋ ካርታ አለ። አን ናይት የምትባል አርቲስት ነድፋው በብረቱ ላይ አብሮ የተቀረፀ ነው። የቆማችሁበትን ቦታ የሚያሳይ ምልክትም አለው። እንግዳ ሰው መንገድ ቢጠፋበት ጎንበስ ብሎ ያያል። አስቡት፦ ክዳኑ የግድ መገዛት ነበረበት፣ ብረቱም የግድ መቅለጥ ነበረበት። የተጨመረው ንድፉ ነው። አርቲስቷ የተጠራችው ክዳኖቹ ከተገጠሙ በኋላ ቢሆን ኖሮ ይህ ሥራ ጨርሶ አይኖርም ነበር።

እኛ ጋ ስንመጣ

የአዲስ አበባን ትልልቅ ሐውልቶች እንቁጠር። በ1923 ዓ.ም. የተመረቀውን የአፄ ምኒልክን የፈረስ ሐውልት የሠራው ጀርመናዊ ነው። የስድስት ኪሎውን የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት የሠሩት አውጉስቲንቺችና ክርሺኒች የተባሉ የዩጎዝላቪያ ቀራፂዎች ናቸው። የድላችን ሐውልት የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እጅ አለበት። ሥራዎቹን ማሳነሴ አይደለም። የስድስት ኪሎውን ምስሎች ቀርቦ ያየ ሰው ሥራው የሚናቅ እንዳልሆነ ያውቃል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሲሠሩም አገር ውስጥ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገና አልተከፈተም ነበር። ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም ትምህርት ቤቱን የመሠረቱት በ1950 ዓ.ም. ነው። ድላችን በ1977 ሲመረቅ ግን ያ ትምህርት ቤት ከሃያ ዓመት በላይ ሠዓሊና ቀራፂ ሲያስመርቅ ቆይቷል። ያን ጊዜ «ባለሙያ የለንም» ማለት አይቻልም።

ቀድሞ መጥራት ምን እንደሚያመጣ የሚያሳይ ምሳሌ ደግሞ ከመስቀል አደባባይ ፊት ለፊት አለልን። እ.ኤ.አ. በ1961 የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ። ሕንፃውን የነደፈው አርቱሮ መዜዲሚ የተባለ ጣሊያናዊ አርክቴክት ነው። ገብታችሁ የምታዩት ትልቁ ባለቀለም መስታወት ግን የአፈወርቅ ተክሌ ነው። ስፋቱ 150 ካሬ ሜትር ነው። በሦስት ክፍል የአፍሪካን ያለፈ ዘመን፣ ትግሏንና መጪዋን ጊዜ ያሳያል። መስታወቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሥዕል ሳይሆን ራሱ ግድግዳው ነው። ብርሃኑ የሚገባው በእሱ በኩል ነው። ሕንፃው አልቆ ቢሆን ኖሮ አፈወርቅ ሊያገኝ ይችል የነበረው የኮሪደር ላይ ሚስማር ብቻ ነበር።

ባለፉት ዓመታት ደግሞ ከተማው እንደገና እየተሠራ ነው። በኮሪደር ልማቱ የእግረኛ መንገዱ፣ አጥሩ፣ መብራቱ፣ መናፈሻው፣ የወንዝ ዳሩ ሁሉ ተነክቷል። ሥራው ወደ ክልል ከተሞችም ወጥቷል። ስለ ልማቱ የተለያየ አስተያየት ሊኖረን ይችላል። አንድ ነገር ላይ ግን የምንስማማ ይመስለኛል፦ ይህን ያህል ንጣፍ፣ ይህን ያህል የብረት አጥርና አግዳሚ ወንበር በአንድ ጊዜ የሚተከልበት ወቅት ቶሎ ተመልሶ አይመጣም። እያንዳንዱ አጥር ንድፍ አለው። ንድፉን ማን አወጣው ብሎ መጠየቅ ደግሞ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም።

ገንዘቡ

«1 በመቶ» ሲባል ለአንዳንድ ሰው ትንሽ፣ ለሌላው ብክነት ይመስላል። በቁጥር እንየው። አንድ ከተማ በ500 ሚሊዮን ብር አውቶቡስ መናኸሪያ ይሠራል እንበል። 1 በመቶው 5 ሚሊዮን ብር ነው። ይህ ገንዘብ የሠዓሊው ኪስ የሚገባ እንዳይመስላችሁ። ከውስጡ ቁሳቁስ ይገዛል፣ ብየዳና ቀረጣ ይከፈላል፣ መሠረት ይቆፈራል፣ ክሬን ይከራያል፣ ትራንስፖርት ይሸፈናል፣ ኢንሹራንስና ግብር አለ። ለአርቲስቱ የንድፍ ክፍያ ተብሎ የሚያዘው ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 20 በመቶው ነው። አንዳንድ ከተሞች ደግሞ 10 በመቶ የሚሆነውን ለወደፊት ጥገና ያስቀምጣሉ።

የዚህ አሠራር ጥቅም ገንዘቡ መገኘቱ ብቻ አይደለም። ገንዘቡ የሚታወቅበት ቀንም ወሳኝ ነው። በጀቱ ሲጸድቅ የጥበቡ ድርሻም አብሮ ከጸደቀ አርቲስቱን ከዚያው ቀን ጀምሮ መቅጠር ይቻላል። ከተረፈ ገንዘብ ይታያል የሚባል ከሆነ ግን አይተርፍም። በግንባታ ላይ ገንዘብ ሲተርፍ ያየ ሰው ካለ ይንገረን።

ምርጫው

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንሂድ፤ ብዙ ፕሮግራም የሚበላሸው እዚህ ነውና።

የተለመደው የመንግሥት ግዢ የሚሠራው እንዲህ ነው። ማስታወቂያ ይወጣል። ንግድ ፈቃድ፣ የቫት ምዝገባ፣ የጨረታ ማስከበሪያ ይጠየቃል። በመጨረሻ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ያሸንፋል። ለወረቀትና ለጎማ ግዢ ይህ ጥሩ ነው። ለጥበብ ሥራ ግን አይሆንም። ሁለት ሠዓሊዎች የሚያመጡት ሐሳብ ፈጽሞ የተለያየ ስለሆነ በዋጋ ማወዳደር ትርጉም የለውም። መስፈርቱንም የሚያሟላው ብዙ ጊዜ ሠዓሊው ሳይሆን የማስታወቂያና የሕትመት ድርጅት ነው። ድርጅቱ ጨረታውን አሸንፎ ሠዓሊውን በእጅ አዙር ይቀጥረዋል። ገንዘቡ መሀል ላይ ይቀራል፤ ስሙም አብሮ ይቀራል።

ሁለተኛው ችግር «ንድፍ አምጡና እንመርጣለን» የሚለው ጥሪ ነው። አርባ ሠዓሊ አርባ ንድፍ ይዞ ይመጣል። እያንዳንዱ ቦታውን ለክቷል፣ ስኬች ሠርቷል፣ ማኬት (ትንሽ ሞዴል) አሠርቷል። ከአርባው ሠላሳ ዘጠኙ በነፃ ሠርተው ይመለሳሉ። በሚቀጥለው ጥሪ ጎበዞቹ አይመጡም። ሥራ ያለው ሰው በነፃ የሚለፋበት ጊዜ የለውማ።

ልምድ ያላቸው ከተሞች ይህን በሁለት ዙር ነው የሚፈቱት። በመጀመሪያው ዙር አርቲስቱ የሚልከው ከዚህ በፊት የሠራቸውን ሥራዎች ፎቶና ስለራሱ አጭር ጽሑፍ ብቻ ነው። አዲስ ንድፍ አይጠየቅም። ከዚያ ሦስት ወይም አምስት ሰዎች ይለያሉ። እነሱ ለቦታው የሚሆን ንድፍ ይሠራሉ፤ ለሠሩበትም ይከፈላቸዋል። ያልተመረጠውም ይከፈለዋል። በጀቱ ደግሞ አስቀድሞ ስለተነገረ ማንም በዋጋ አይወዳደርም። ውድድሩ በዚያ ገንዘብ ማን የተሻለ ነገር ይሠራል የሚል ይሆናል።

ከመራጮቹ ውስጥ ከግማሽ በላዩ አርቲስቶችና የሙያው ሰዎች ቢሆኑ እመርጣለሁ። ከእነሱ ጋር የፕሮጀክቱ አርክቴክት ወይም መሐንዲስ፣ ከሰፈሩ ነዋሪዎች ደግሞ ቢያንስ ሁለት ሰው ይቀመጡ። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ተገኝቶ ያስረዳ፤ ድምፅ ባይሰጥ ግን ይሻላል። የእኛ የጥበብ ሰፈር ትንሽ ስለሆነች ሁሉም ሰው ይተዋወቃል፤ መምህርና ተማሪ፣ ጓደኛና ተፎካካሪ ነው። ስለዚህ ዳኛው ከተወዳዳሪው ጋር ዝምድና ወይም የሥራ ግንኙነት ካለው ተናግሮ ከዚያ ምርጫ ይውጣ። ዳኞቹም በየጊዜው ይቀየሩ። ያሸነፈው ለምን እንዳሸነፈ በአንድ ገጽ ተጽፎ ለሕዝብ ይለጠፍ። ሐሜት የሚቀንሰው እንዲህ ነው።

«የአካባቢ አርቲስት» ማለትስ ማን ነው? እዚህ ላይ ጠባብ መሆን አልፈልግም። ዲግሪ ያለውን ብቻ ከቆጠርን ከሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች፣ ከምናለሽ ተራ ብረት ቀጥቃጮች፣ ከሸክላ ሠሪዎችና በእጃቸው ታፔላ ከሚጽፉ ሰዎች ጋር ተለያየን ማለት ነው። ምናለሽ ተራ ገብታችሁ ቆማችሁ ከሆነ አታሞ እስኪመስል የሚጮኸው ቅጥቀጣ ትዝ ይላችኋል። በርሜሉ ተቀዶ ምድጃ ይሆናል፣ ቆርቆሮው ሌላ ነገር ይሆናል። ብረትን እንደ እነዚህ ሰዎች የሚያውቅ ማን አለ? የድልድይ መከለያ ሲታዘዝ ግን ከእነሱ አንዱም ፖርትፎሊዮ (የሠራችኋቸውን ሥራዎች ስብስብ) አቅርቡ በሚለው በር አያልፍም። መፍትሔው ከባድ አይደለም። ሠዓሊና የእጅ ባለሙያ በቡድን እንዲገቡ መፍቀድ ይቻላል። የመጀመሪያው ዙር ማመልከቻ በስልክ በተነሣ ፎቶና በአማርኛ ወይም በአካባቢው ቋንቋ በተጻፈ ግማሽ ገጽ ይበቃል።

ነዋሪው

እ.ኤ.አ. በ1981 በኒውዮርክ ፌዴራል ፕላዛ በተባለ ቦታ የሪቻርድ ሴራ «የዘመመ ቅስት» ቆመ። 36 ሜትር የሚረዝም፣ ከ3 ሜትር ተኩል በላይ ከፍታ ያለው ዝገት የለበሰ ብረት ነበር። አደባባዩን ለሁለት ይከፍለው ነበር። ሴራ በዓለም የታወቀ ቀራፂ ነበር፤ የመረጡትም የሙያው ሰዎች ነበሩ። በየቀኑ እዚያ ምሳቸውን የሚበሉና አቋርጠው የሚያልፉ ሠራተኞችን ግን ማንም አልጠየቃቸውም። ቅሬታው በረታ። እ.ኤ.አ. በ1985 የሕዝብ ስብሰባ ተጠርቶ 180 ሰዎች ተናገሩ። 122ቱ ይቆይ፣ 58ቱ ይነሣ አሉ። ከዚያ ሁሉ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1989 በመጋቢት አንድ ሌሊት ተቆራርጦ ተወሰደ። ሴራ በፍርድ ቤት ተከራክሮ አልተሳካለትም። እንደኔ ሁለቱም ወገን ተበድሏል፤ አርቲስቱ ሥራውን አጣ፣ ሠራተኛው ስምንት ዓመት ሰሚ አጣ።

ነዋሪውን መጠየቅ ማለት ሠዓሊው እጁ ይታሰር ማለት አይደለም። ሰዉ «ምን እንሣል?» ተብሎ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ ጀበና፣ አንበሳ፣ እርግብ ነው የሚለው፤ መጀመሪያ የሚመጣለትን ይናገራል። ጥያቄው ቢቀየር መልሱም ይቀየራል። «እዚህ ቦታ ላይ ድሮ ምን ነበር? ማታ ማን ያልፋል? ልጆች የት ይጫወታሉ? እናንተ የት ትቀመጣላችሁ?» ተብሎ ሲጠየቅ ሠዓሊው እውነተኛ ነገር ይዞ ይመለሳል።

ፊላደልፊያዎች ደግሞ በመሳሉ ላይ ሳይቀር ሰዉን የሚያሳትፉበት ዘዴ አላቸው። የከተማዋ የግድግዳ ሥዕል ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1984 ግድግዳ ላይ የሚጽፉ ወጣቶችን ወደ ሥራ ለማስገባት የተጀመረ ነው። ዛሬ ከ4,000 በላይ ሥዕሎች ሠርቷል። ሥዕሉን ብዙ ጊዜ በቀጥታ ግድግዳው ላይ አይሠሩትም። ንድፉን በካሬ በካሬ ከፍለው ስስ የፓራሹት ጨርቅ ላይ ይገለብጡታል። የትኛው ቦታ የትኛው ቀለም እንደሚገባ በቁጥር ይጻፋል። ጨርቁ ወደ ትምህርት ቤት፣ ወደ አረጋውያን ማዕከል፣ እስር ቤትም ሳይቀር ይሄዳል። ሰዉ ተቀምጦ ይቀባል። ከዚያ ሠዓሊዎቹ ስህተቱን አርመው በማጣበቂያ ግድግዳው ላይ ይለጥፉታል። መሰላል መውጣት የማይችሉ አያት የቀቡት ቁራጭ አራተኛ ፎቅ ላይ ይታያል።

መብት፣ ጥገና፣ ማንሣት

ከተማው ሐውልቱን ገዛ ማለት የቅጂ መብቱን ገዛ ማለት አይደለም። በአገራችን በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የሥራ አመንጪው በሥራው ላይ ስሙ እንዲጠቀስ የመጠየቅ መብት አለው። ሥራው ክብሩን በሚነካ መንገድ ሲዛባም መቃወም ይችላል። ውሉ ላይ ይህ በግልጽ ይጻፍ። ስሙ የት ይለጠፋል? ፎቶው ቲሸርትና ፖስትካርድ ላይ ቢታተም ማን ይጠቀማል? ሥራው መነሣት ቢኖርበት ለአርቲስቱ ከስንት ቀን በፊት ይነገረዋል?

የማይነገረው ሲሆን ምን እንደሚከተል ኒውዮርክ ውስጥ ታይቷል። ፋይቭ ፖይንትዝ በሚባል ሕንፃ ላይ የነበሩትን ሥዕሎች ባለንብረቱ እ.ኤ.አ. በ2013 በአንድ ሌሊት ነጭ ቀለም አስቀባባቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 ፍርድ ቤት ለ21 አርቲስቶች 6.75 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፈል ወሰነ። ውሳኔው የተመሠረተው ሴራ በተሸነፈ ማግሥት፣ እ.ኤ.አ. በ1990፣ በወጣ የአርቲስቶች መብት ሕግ ላይ ነው።

ማንሣት የግድ የሚሆንበት ጊዜ ግን አለ። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በ2005 ዓ.ም. ለቀላል ባቡሩ ሥራ ሲባል ተነሥቶ በ2008 ዓ.ም. ወደ ቦታው ተመልሷል። በመሀሉ ብዙ ሰው ሰግቶ ነበር፤ ይመለሳል ወይ እያለ ይጠይቅ ነበር። እያንዳንዱ ሥራ መዝገብ ቢኖረው፣ ማን እንደሠራው፣ ከምን እንደተሠራ፣ በምን ሁኔታ እንደሚነሣና የት እንደሚቀመጥ ቢጻፍ ስጋቱ በቀነሰ ነበር። ጥገናም ከዚሁ መዝገብ ይጀምራል። አርቲስቱ ሥራውን ሲያስረክብ በምን እንደሚታጠብና በየስንት ዓመቱ እንደሚታይ ጽፎ ይስጥ። ነሐስን በጠንካራ ኬሚካል የሚፈትግ ቅን የጽዳት ሠራተኛ በአንድ ጠዋት ብዙ ሊያበላሽ ይችላል፤ ጥፋቱም የእሱ አይሆንም።

የሚቀረው የሠዓሊዎቹ ድርሻ ነው። ለስቱዲዮ መሳልና ለአደባባይ መሥራት ይለያያሉ። ለአደባባይ የሚሠራ ሰው የመሐንዲስ ድሮዊንግ ማንበብ፣ በጀት መከፋፈል፣ ውል መፈራረም፣ ከኮንትራክተር ጋር መነጋገር አለበት። ሲያትል ለጀማሪዎች ይህንኑ የሚያስተምር አጭር ሥልጠና ትሰጣለች። እኛ ጋም ያው ሥልጠና በጥቂት ቅዳሜዎች ሊሰጥ ይችላል። አንድ ስትራክቸራል መሐንዲስ፣ አንድ የውል ጠበቃና አደባባይ ላይ የሠራ አንድ ቀራፂ ያስተምሩ። የመለማመጃ ፕሮጀክቱ አንድ የአውቶቡስ ፌርማታ ቢሆን ይበቃል። ክፍያው ትንሽ ቢሆንም ይከፈል፤ መጠለያው ገና በወረቀት ላይ እያለ ይጀመር።